የስኳር ሕመም የሌለባት ነፍሰ ጡር የደም ስኳር ቁጥሮቿን እንዴት ታንብብ? ዝርዝር መመሪያ

በእርግዝና ክትትል ላይ ያለች አንዲት እናት በባዶ ሆዷ የተለካው የደም ስኳሯ 96 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ሲሰጣት፣ በውጤት ወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ጤናማ፦ 70–100» የሚል ስለታተመ በሰላም ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሌላዋ ደግሞ ጠዋት ተለክታ 66 ሲወጣላት «ስኳርሽ ወርዷል» ተብላ በድንጋጤ ለስላሳ ስትጠጣ ትውላለች። ሁለቱም የስኳር ሕመም ኖሮባቸው አያውቅም፤ ሁለቱም የተነበበላቸው ግን እርጉዝ ላልሆነ ሰው በተበጀ መስፈሪያ ነው። የመጀመሪያዋ ቁጥር በእርግዝና መስፈሪያ ሲታይ ሊታለፍ የማይገባው ነው፤ የሁለተኛዋ ግን ሌላ የሕመም ምልክት እስከሌላት ድረስ ብዙ ጤናማ ነፍሰ ጡሮች ጠዋት ሲነሡ የሚገኝባቸው ቁጥር ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ይህን ዓይነቱን የንባብ ስሕተት ለመቀነስ ነው። የተጻፈው ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለቤተሰቦቻቸው ቢሆንም፣ ውጤት የሚያስረዱ አዋላጅ ነርሶችና ናሙና የሚይዙ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችም እንዲያነቡት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ከታች እንደሚታየው ቁጥሩን የሚያዛባው ብዙውን ጊዜ የእናቲቱ አካል ሳይሆን ደሙ ከክንዷ ወጥቶ እስኪመረመር ድረስ የሚያልፍበት ጉዞ ነው። መመሪያው ውጤትዎን ይዘው ከሐኪም ጋር በሚገባ እንዲነጋገሩ ያዘጋጅዎታል እንጂ የሐኪምን ውሳኔ አይተካም።

ደረጃ 1፦ በእርግዝና ጊዜ ስኳሩ ለምን እንደሚለዋወጥ ይረዱ

ፅንስ የሚያድገው በዋናነት ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጁ በኩል በሚሻገርለት ግሉኮስ ነው። ግሉኮስ ያለማቋረጥ ይሻገራል፤ የእናቲቱ ኢንሱሊን ግን አይሻገርም። በዚህም ምክንያት የእናቲቱ የደም ስኳር ከፍ ሲል የፅንሱ ቆሽት ራሱ ተጨማሪ ኢንሱሊን ለማመንጨት ይገደዳል፤ ትርፉም በፅንሱ ሰውነት ውስጥ ስብ ሆኖ ይከማቻል። በእርግዝና ጊዜ የሚሠራባቸው ወሰኖች ከተለመዱት ዝቅ ያሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በእናቲቱ በኩል ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር ገና በመጀመሪያዎቹ 10 ሳምንታት ውስጥ በጥቂቱ መውረድ ይጀምራል፤ በእርግዝናው መጨረሻም ከእርግዝና በፊት ከነበረበት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ፅንሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲወስድ ያድራልና፤ በደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ መብዛትም የራሱ ድርሻ አለው። ከምግብ በኋላ የሚለካው ስኳር ግን ከፍ ይላል፣ ለመውረድም ይዘገያል። ከእንግዴ ልጁ የሚመነጩ ሆርሞኖች ከኮርቲዞልና ከፕሮጄስትሮን ጋር ሆነው የእናቲቱ ጡንቻ ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ስለሚያዳክሙ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ሰውነቷ ለኢንሱሊን ያለው ስሜት ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ጤናማ ቆሽት ይህን የሚያካክሰው ከቀድሞው ሁለትና ሦስት እጥፍ ኢንሱሊን በማመንጨት ነው። ማካካስ ያቃተው ቆሽት ሲኖር የእርግዝና ስኳር የምንለው ይከሰታል።

ጤናማ የሚባለው ቁጥር ስንት ነው? ቀደም ሲል የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ግምገማ ክብደታቸው መካከለኛ የሆነና የስኳር ሕመም የሌለባቸውን፣ በአማካይ ወደ 34ኛው ሳምንት የደረሱ ነፍሰ ጡሮች ተመልክቷል። በባዶ ሆድ አማካዩ 71፣ ምግብ ከተበላ ከ1 ሰዓት በኋላ 109፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 99፣ የ24 ሰዓቱ አማካይ ደግሞ 88 ነበር፤ ሁሉም በሚሊግራም በዴሲሊትር። በሴቶቹ መካከል የታየው ልዩነት በቅደም ተከተል 8፣ 13፣ 10 እና 10 ያህል በመሆኑ፣ ይህን ልዩነት በሁለት አባዝተን በአማካዩ ላይ ብንደምር ከጤናማዎቹ አብዛኞቹ በባዶ ሆድ ከ87፣ በ1 ሰዓት ከ135፣ በ2 ሰዓት ከ119 እንደማያልፉ እንረዳለን። በመግቢያው ላይ የጠቀስኩት 96 ከዚህ አንጻር ምን ያህል ከፍ ያለ እንደሆነ፣ 66ቱም ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ልብ ይበሉ።

ደረጃ 2፦ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር አራት ነገሮችን አብረው ይመዝግቡ

ብቻውን የተጻፈ ቁጥር ብዙ አይናገርም። አንድ ትንሽ ደብተር ያዘጋጁና ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን የምርመራውን ዓይነት፣ የእርግዝናውን ሳምንት፣ የመጨረሻው ምግብ የተበላበትንና ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት፣ እንዲሁም የመለኪያውን አሐድ ይጻፉ።

የምርመራውን ዓይነት በተመለከተ፣ በአገራችን ላቦራቶሪዎች «ኤፍ ቢ ኤስ» የሚባለው በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር ሲሆን፣ «አር ቢ ኤስ» የሚባለው በማንኛውም ሰዓት የሚለካው ነው። ቁርስ በልታ የመጣች እናት ውጤት «ኤፍ ቢ ኤስ» በሚል ርዕስ ሥር ከተጻፈ ሐኪሙ በተሳሳተ መስመር ይሄዳል፤ ስለዚህ የበሉ ከሆነ ደሙን ለሚቀዳው ባለሙያ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ሳምንቱ የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። እናቲቱ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተናግራ መዝጋቢው በአውሮፓ አቆጣጠር ከወሰደው፣ ወይም በውጭ አገር የምትኖር እናት በችኮላ የወሩን ስም ብቻ ቀይራ ቀኑን እንዳለ ከተናገረች፣ የእርግዝናው ዕድሜ በአንድና በሁለት ሳምንት ሊዛባ ይችላል። የእኛ መስከረም 1 ቀን የአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 1 ሳይሆን ሴፕቴምበር 11 (በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 12) መሆኑን ማስታወስ በቂ ነው። በሰዓትም እንዲሁ ነው፤ የመለኪያ መሣሪያዎ 8፡00 ብሎ የመዘገበው እርስዎ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚሉትን ነውና በደብተሩ ላይ አንዱን አቆጣጠር ብቻ ይዘው ይጓዙ።

አሐዱ ሁለት ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ፣ በአሜሪካና በእስራኤል የሚሠራበት ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን፣ በእንግሊዝና በስካንዲናቪያ አገሮች ደግሞ ሚሊሞል በሊትር ነው። ከሚሊሞል ወደ ሚሊግራም ለመለወጥ በ18 ማባዛት፣ በተቃራኒው ለ18 ማካፈል ይበቃል። 5.1 ሚሊሞል ማለት 92 ሚሊግራም፣ 8.5 ማለት 153፣ 10.0 ማለት 180 ነው። ከዚህ በታች አሐድ ሳልጠቅስ የማስቀምጣቸው የደም ስኳር ቁጥሮች ሁሉ ሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው።

ደረጃ 3፦ በመጀመሪያው ክትትል ላይ የቀድሞ የስኳር ሕመም አለመኖሩን ያረጋግጡ

«የስኳር ሕመም የለብኝም» የሚለው ንግግር ብዙ ጊዜ «ተመርምሬ አላውቅም» ማለት ነው። ዓይነት 2 የሚባለው የስኳር ሕመም ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል፣ በተለይ እናት ወይም አባት የስኳር ሕመም ካለባቸው፣ ከእርግዝና በፊት ክብደትዎ ከፍተኛ ከነበረ፣ ቀደም ሲል 4 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ልጅ ከወለዱ፣ ወይም በቀድሞ እርግዝና ስኳር ተገኝቶብዎ ከነበረ፣ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ።

በዚህ ጊዜ የሚገኝ የባዶ ሆድ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ (ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የስኳር ሁኔታ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ በደረጃ 6 ይብራራል) 6.5% እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከውኃ ጥምና ከሽንት መብዛት ጋር በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስኳር፣ ከእርግዝናው በፊት የነበረ ሕመም እንዳለ ስለሚያመለክት ወዲያው ክትትል ይፈልጋል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ደግሞ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ በባዶ ሆድ ከ110 እስከ 125፣ በኤች ቢ ኤ ዋን ሲም ከ5.9 እስከ 6.4% የሆኑትን ከፍ ያለ ተጋላጭነት ያላቸው አድርጎ ይመለከታቸዋል።

በ8ኛው ሳምንት ላይ የተገኘ 93 ወይም 94 ግን አከራካሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 92ን በማንኛውም የእርግዝና ጊዜ እንደ ወሰን ቢያስቀምጠውም፣ ቁጥሩ የተገኘው እርግዝናቸው ከ24ኛው ሳምንት ካለፈ እናቶች በመሆኑና የባዶ ሆድ ስኳር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገና በመውረድ ላይ በመሆኑ፣ ብዙ ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ በአንድ ቁጥር ብቻ ስም ከመስጠት ይልቅ ደግሞ መመርመርን ይመርጣሉ። እኔም ደግሞ መመርመሩ የተሻለ ይመስለኛል።

ደረጃ 4፦ ለግሉኮስ ምርመራው በሚገባ ይዘጋጁ

ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚደረገው፣ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ በጥብጦ በማጠጣት ደሙን ሦስት ጊዜ የሚለካው ምርመራ ከሁሉም በላይ አስተማማኝ ነው። ጊዜው እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች ተጽዕኖ ጎልቶ የሚታይበት፣ ችግር ከተገኘም ለማስተካከል በቂ ሳምንታት የሚተርፉበት ጊዜ ነው።

ከምርመራው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት እንደ ልማድዎ ይብሉ። ውጤቱን ለማሳመር ብለው እንጀራና ዳቦ የሚተዉ እናቶች አሉ፤ ይህ ግን በተቃራኒው ይሠራል፤ ለቀናት ኃይል ሰጪ ምግብ ያጣ ሰውነት 75 ግራም ግሉኮስ በድንገት ሲደርሰው ስኳሩ ከወትሮው በላይ ሊወጣ ይችላል። ከምርመራው በፊት ባለው ምሽት እራትዎን ከበሉ በኋላ ደሙ እስኪቀዳ ድረስ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ለሚሆን ርዝመት ከውኃ በስተቀር ምንም አይውሰዱ። ቡና፣ ሻይ፣ በአገራችን ለሆድ ይበጃል ተብሎ በማለዳ የሚጠጣው የአብሽ ውኃ፣ ጫትና ሲጋራ ሁሉ በዚህ «ምንም» ውስጥ ይገባሉ።

በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ወቅት ቀጠሮ የወጣላት እናት ጉዳይ በተለይ መነጋገር ያስፈልገዋል። እስከ 9 ሰዓት ወይም እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ሳትበላ የምትቆይ ነፍሰ ጡር ሰውነቷ ከሌላው ሰው ፈጥኖ ስብን ወደ ማቃጠል ይሻገራል፤ ስኳሯ ይወርዳል፣ ኪቶን የሚባለው የስብ ቅሪትም በደሟ ይጨምራል። እንዲህ ባለ ቀን ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ደም የምርመራውን ሥርዓት የጠበቀ አይደለም። ቀጠሮውን ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ማድረግ፣ በእርግዝና ስለ መጾምም ከሐኪም ጋር እንዲሁም ከነፍስ አባት ወይም ከሃይማኖት መምህር ጋር አስቀድሞ መማከር ተገቢ ነው።

በምርመራው ቀን መጀመሪያ የባዶ ሆዱ ደም ይቀዳል። ከዚያም ግሉኮሱ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር በሚሆን ውኃ ተበጥብጦ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው መጠጣት ከተጀመረበት ቅጽበት ነው። ለሚያዘጋጀው ባለሙያ አንድ ነገር ላስታውስ፤ ውኃ አልባው ግሉኮስ 75 ግራም ሲሆን፣ በብዙ መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ሞኖሃይድሬት የተባለው ዓይነት ከሆነ ግን 82.5 ግራም ይመዘናል። ከጠጡ በኋላ ሁለቱን ሰዓት ተቀምጠው ይጠብቁ፤ መሄድ ስኳሩን ስለሚያወርደው ገበያ ደርሶ መምጣት ምርመራውን ያበላሻል። ካስመለሰዎት ምርመራው ይቋረጥና በሌላ ቀን እንደገና ይጀመራል።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ነጥብ ላንሣ። ደም በቲዩብ ውስጥ ከገባ በኋላም ሕዋሳቱ በሕይወት ስላሉ ግሉኮሱን መብላታቸውን ይቀጥላሉ፤ በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው ይጠፋል፣ በሞቃት አካባቢ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። እንግዲህ እውነተኛ ቁጥሯ 96 የሆነ እናት ደሟ ለ2 ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቢመረመር ከ83 እስከ 87 ባለው ውስጥ ይነበባል፤ «ጤናማ ነሽ» ተብላም ትሸኛለች። በተለይ ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ በሚላክበት ቦታ ይህ የወረቀት ላይ ስጋት ብቻ አይደለም። ፍሎራይድ ያለበት ግራጫ ክዳን ያለው ቲዩብ ይረዳል፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ለመሥራት ሰዓታት ስለሚፈጅ በመጀመሪያው ሰዓት የሚጠፋውን ብዙም አያስቀርም። መፍትሔው ቲዩቡን ወዲያው በበረዶ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥና በ30 ደቂቃ ውስጥ በሴንትሪፊውጅ (ናሙናውን በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ፕላዝማውን፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ከሕዋሳቱ መለየት ነው። ስለዚህ «ደሜ የሚመረመረው እዚሁ ነው ወይስ ይላካል? ከስንት ሰዓት በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም፤ መልሱንም በደብተርዎ ላይ ይጻፉት።

ደረጃ 5፦ ውጤቱን በየትኛው ሥርዓት እንደሚነበብ አውቀው ያንብቡ

እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የታተመውና «ሃፖ» በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ጥናት በ9 አገሮች በሚገኙ 15 ማዕከሎች ከ23,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሏል። ዋናው ግኝቱ የእናቲቱ ስኳር ከፍ ባለ ቁጥር የልጁ ክብደት ከመጠን ማለፍና በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድል ደረጃ በደረጃ እንደሚጨምሩ፣ «ከዚህ በታች ሰላም፣ ከዚህ በላይ አደጋ» የሚያሰኝ ግልጽ ድንበር ግን እንደሌለ ነበር። ወሰኖቹን ያስቀመጡት ባለሙያዎች በስምምነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ተቀበላቸው፦ በባዶ ሆድ 92፣ በ1 ሰዓት 180፣ በ2 ሰዓት 153። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከተነካ የእርግዝና ስኳር ይባላል። በባዶ ሆድ 126 ወይም በ2 ሰዓት 200 ከደረሰ ግን ስሙ ይለወጣል፤ ያ በእርግዝና ጊዜ የተገኘ የስኳር ሕመም ነው።

ወሰኑ በስምምነት የተቀመጠ መሆኑን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። 91 የወጣላት እናት ከ92ቷ የተለየ አካል እንደሌላት ተረድታ አመጋገቧን ትጠብቃለች፤ 92 የወጣላትም መዓት እንደወረደባት አድርጋ አትቆጥረውም። ከጥናቱ 15 ማዕከሎች አንዱም በአፍሪካ ምድር እንዳልነበረ መናገርም ተገቢ ነው፤ በእኛ እናቶች ላይ የተመሠረተ ተመሳሳይ ሰፊ ጥናት እስኪኖር የምንጠቀመው የሌሎችን መስፈሪያ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ እናቶች የሚገጥማቸው ሥርዓት ይለያያል። በአሜሪካና በእስራኤል በሰፊው የሚሠራበት ባለ ሁለት ደረጃው ነው፤ መጀመሪያ ሳይጾሙ 50 ግራም ግሉኮስ ይጠጣና ከ1 ሰዓት በኋላ ይለካል፤ ውጤቱ 140 (በአንዳንድ ቦታ 130 ወይም 135) ከደረሰ በሌላ ቀን በባዶ ሆድ 100 ግራም ተጠጥቶ አራት ጊዜ ይለካል። በብዛት የሚጠቀሱት ወሰኖች 95፣ 180፣ 155 እና 140 ሲሆኑ፣ ሕመሙ አለ የሚባለው ከአራቱ ሁለቱ ሲያልፉ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ከፍ ማለቱ ብቻውን «ስኳር ተገኘብኝ» አያሰኝም። በእንግሊዝ ደግሞ ምርመራው የሚደረገው ተጋላጭነት ላላቸው ሲሆን ወሰኑ በባዶ ሆድ 5.6፣ በ2 ሰዓት 7.8 ሚሊሞል በሊትር ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው አዲስ አበባና ለንደን ያሉ ሁለት እኅትማማቾች የተለያየ ስም ሊሰጣቸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወረቀቶቻችሁን በስልክ ስታወዳድሩ ይህን አትርሱ።

ደረጃ 6፦ ኤች ቢ ኤ ዋን ሲን በጥርጣሬ ያንብቡት

ይህ ምርመራ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ባለው ሂሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ግሉኮስ ይለካል። መጾም ስለማያስፈልገውና የሁለትና የሦስት ወር ታሪክ ስለሚናገር ይወደዳል። ነገር ግን ታሪኩን የሚጽፈው ቀይ የደም ሕዋሱ ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ሕዋሱ ራሱ ይለወጣል። ወደ 120 ቀን ገደማ ይኖር የነበረው ሕዋስ ዕድሜው ያጥራል፣ ሰውነት ብዙ አዳዲስ ሕዋሳት ያመርታል፣ አዲሶቹም ስኳር ለማከማቸት ጊዜ አላገኙም። በዚህ ላይ የባዶ ሆዱ ስኳር መውረድ ሲጨመር ቁጥሩ ዝቅ ይላል። በዴንማርክ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ የስኳር ሕመም በሌለባቸው ሴቶች ከእርግዝና በፊት 6.3% የነበረው የጤናማው ክልል ላዕላይ ወሰን በእርግዝና መጀመሪያ ወደ 5.7%፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ወደ 5.6% ወርዷል። ስለዚህ በ30ኛው ሳምንት 5.9% ይዛ የመጣች እናት «ከ6.5 በታች ስለሆነ ችግር የለውም» ልትባል አይገባም።

ይህ ብቻ አይደለም። የአይረን እጥረት ቁጥሩን ያለ ስኳር ከፍ ያደርገዋል፤ እናቲቱ የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብሏን በሚገባ መውሰድ ስትጀምርና አዳዲስ ሕዋሳት ሲበዙ ደግሞ ይወርዳል። በቆላማ አካባቢ ወባ የያዛት እናት ሕዋሳቷ ስለሚፈርሱ ቁጥሯ ከእውነቱ በታች ሊነበብ ይችላል፤ ደም መፍሰስና ደም መቀበልም ያዛቡታል። በመሆኑም ውጤቱን ሲቀበሉ የሂሞግሎቢን መጠንዎን አብረው ይጠይቁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያላየ አንባቢ ኤች ቢ ኤ ዋን ሲውን በትክክል ሊተረጉመው አይችልም። በመጀመሪያው ክትትል የቀድሞ ሕመምን ለማግኘት ይጠቅማል፤ በ24ኛው ሳምንት የሚደረገውን የግሉኮስ ምርመራ ግን አይተካም። አንዳንድ አገሮች ይህን በመቶኛ ሳይሆን በሚሊሞል በሞል ይጽፉታል፤ 5.7% ማለት 39፣ 6.5% ማለት 48 ነው።

ፍሩክቶሳሚንና ግላይኬትድ አልቡሚን የሚባሉት ያለፉትን ሁለትና ሦስት ሳምንታት ያሳያሉ፤ ነገር ግን በእርግዝና የአልቡሚን መጠን ስለሚቀንስ፣ በተለይ ፍሩክቶሳሚን ዝቅ ብሎ ይነበባል። የስኳር ሕመም ለሌለባት እናት በራሷ ገንዘብ እነዚህን ማሠራት አስፈላጊ አይመስለኝም።

ደረጃ 7፦ በሽንት የተገኘ ስኳርን በቦታው ያስቀምጡት

በእርግዝና ጊዜ ኩላሊት የሚያጣራው የደም መጠን በ50 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የደም ስኳራቸው ፍጹም ጤናማ የሆነ ብዙ እናቶች በሽንታቸው ስኳር ይታያል። ይህ ብቻውን ሕመም አያሰኝም፤ ንጹሕ ሽንትም ሕመም እንደሌለ አያረጋግጥም። ደጋግሞ ከታየ የደም ምርመራ ያሠሩ፤ ከዚህ በላይ የሚለው ነገር የለም።

ደረጃ 8፦ በቤት መለካት ካስፈለገ በሥርዓት ይለኩ

ምርመራዋ ጤናማ የሆነ እናት በየቀኑ ጣቷን መውጋት አያስፈልጋትም፤ በየዕለቱ የሚወጣና የሚወርድ ቁጥር መመልከት ጭንቀት ከመጨመር ያለፈ ጥቅም የለውም። ሐኪም ለአንድ ሳምንት ያህል እንዲለኩ ካዘዘዎት፣ ወይም የግሉኮሱን መጠጥ መታገሥ ካልቻሉና ቁጥጥሩ በዚህ መንገድ እንዲሆን ከተወሰነ ግን እንደሚከተለው ያድርጉ።

እጅዎን በሳሙናና በውኃ ታጥበው በሚገባ ያድርቁ። ብርቱካን ወይም ሙዝ የላጠ፣ ማር የነካ ጣት ላይ የቀረ ቅሪት ብቻ ጤናማውን ቁጥር እጅግ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያዩ ከመደንገጥዎ በፊት ታጥበው ይድገሙት። የጣትዎን ጫፍ ሳይሆን ጎኑን ይውጉ። የስትሪፑን (የደሙ ጠብታ የሚነካውን የመለኪያ ቅጠል) የመጠቀሚያ ጊዜና የመያዣው ክዳን ገጥሞ መቀመጡን ያረጋግጡ። ከምግብ በኋላ የሚለካው 1 ሰዓት ወይም 2 ሰዓት የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጉርሻ እንጂ ትሪው ከተነሣበት ወይም ቡናው ካለቀበት አይደለም፤ በእኛ ቤት ምግብ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

መሣሪያው ራሱ የሚፈቀድለት የስሕተት መጠን እንዳለው ይወቁ። ዓለም አቀፉ መስፈርት ከ100 በታች በሆነ ቁጥር ላይ እስከ 15 ሚሊግራም ከፍና ዝቅ ማለትን፣ 100 እና ከዚያ በላይ በሆነው ላይ ደግሞ 15 በመቶን ይፈቅዳል። በቤት የተነበበ 90 በላቦራቶሪ 80ም 100ም ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ በዚህ መሣሪያ ሕመም አለ ወይም የለም ብሎ መወሰን የማይቻለው ለዚህ ነው። ደም ማነስ ያለባት እናት ላይም ብዙ መሣሪያዎች ከእውነቱ ከፍ አድርገው ያነባሉ። የእርግዝና ስኳር ለተገኘባቸው እናቶች የሚሰጠው ግብ በባዶ ሆድ ከ95፣ በ1 ሰዓት ከ140፣ በ2 ሰዓት ከ120 በታች ነው። ሕመም የሌለባት እናት ቁጥሮቿ ደጋግመው ከእነዚህ ካለፉ ደብተሯን ይዛ ወደ ሐኪም ትሂድ። አንድ ቀን፣ ከሠርግ ወይም ከበዓል ምግብ በኋላ የታየ 143 ግን ብቻውን ፍርድ አይሰጥበትም።

ደረጃ 9፦ ቁጥሩን ለጊዜው የሚለውጡ ነገሮችን ለሐኪምዎ ይንገሩ

ያለ ጊዜው ምጥ ሲያሰጋ ለፅንሱ ሳንባ ተብሎ የሚሰጠው የዴክሳሜታዞን ወይም የቤታሜታዞን መርፌ የእናቲቱን ስኳር ለቀናት ከፍ ያደርገዋል፤ በዚያው ሰሞን የሚደረግ የግሉኮስ ምርመራ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ለአስም የሚወሰድ ሳልቡታሞልና ትኩሳት ያለው ሕመምም እንዲሁ ከፍ ያደርጋሉ። በእርግዝና መጀመሪያ ብዙ የሚያስመልሳት እናት ደግሞ ቁጥሯ ዝቅ ይላል። ምግብም ውኃም የማይቆይላት ከሆነ፣ ወይም ዝቅ ካለ ቁጥር ጋር ማላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ከታየባት በቤት መጠበቅ የለባትም።

ደረጃ 10፦ ወሰኑ ካለፈ የሚቀጥለውን እርምጃ ይውሰዱ

መጀመሪያ ናሙናው እንዴት እንደተያዘ ይጠይቁ፤ ከዚያም የምርመራውን ወረቀት ይዘው ሐኪም ያማክሩ። የብዙዎቹ ስኳር የሚስተካከለው በምግብ አከፋፈልና በእንቅስቃሴ ነው፤ በአንድ ማዕድ የሚበላውን እንጀራ ቀንሶ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና እንቁላል መጨመር፣ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይን መተው፣ ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በእርጋታ መሄድ ይረዳል። ይህ ካልበቃ ኢንሱሊን ይታዘዛል። ኢንሱሊን በእንግዴ ልጁ በኩል እንደማይሻገር ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ለዚህም ነው፤ «መርፌው ልጄን ይጎዳል» ብለው የሚሸሹ እናቶች አሉና።

እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ሆርሞኖቹ አብረው ስለሚሄዱ የአብዛኞቹ ስኳር በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የእርግዝና ስኳር የነበረባት እናት ግን ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ የ75 ግራሙን ምርመራ ትድገም፤ በዚህ ጊዜ ውጤቱ የሚነበበው እርጉዝ ላልሆነ ሰው በተቀመጠው ወሰን ነው። ደብተሩንም ሕፃኑን ለክትባት ይዛ ስትሄድ አብራ ትያዘው፤ የሚቀጥለው እርግዝና የመጀመሪያ ቀጠሮ ላይ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቃት እነዚያኑ ቁጥሮች ነው።